ለዴል ላቲትዩድ ኢ6430 የትኛው የዋይፋይ ካርድ ይስማማል?

ጥያቄዬን ያቀረብኩት እንዲህ ነበር። ታናሽ እህቴ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፏን የምትሠራበት ላፕቶፕ ዴል ላቲትዩድ ኢ6430 ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ ያገለገለ ሆኖ የተገዛ፣ ግን ሰውነቱ የጠነከረ ማሽን ነው። ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት አሳድገን፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ተክተን፣ ኡቡንቱ ጭነንበት ዛሬም ሥራውን ያለ ቅሬታ ይሠራል። ያስቸገረን ዋይፋዩ ብቻ ነው። ራውተሩ ያለው ሳሎን ነው፤ እህቴ መኝታ ቤት ስትገባ፣ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ በመካከል ሲቆም፣ ምልክቱ ወደ አንድ መስመር ይወርዳል። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ እየተቆራረጠ ከአማካሪዋ ጋር መነጋገር እንኳ አትችልም። ስልኳ ግን እዚያው አልጋው ላይ ሆኖ ያለ ችግር ይሠራል። ስለዚህ ጥፋቱ የካርዱ ነው ብዬ ደመደምኩ። የትኛውን ልግዛ? ብዙ ሰው የሚያወራለት የኢንቴል ኤኤክስ210 ይገጥማል?

በአራት ቀን ውስጥ ብዙ መልስ መጣ። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ይዞ የሚቸገር ሰው ብዙ ስለሆነ፣ መልሶቹን ከነቁጥራቸው እዚህ አስቀምጣለሁ፤ የጠቀመኝን አስፍቼ፣ የቀረውን አሳጥሬ።

1. የመጀመሪያው መላሽ አንቱ እያለ፣ ሰላምታውን ሳያጓድል፣ ጥያቄዬ ጎዶሎ መሆኑን ነገረኝ። አሁን ያለው ካርድ ምን እንደሆነ፣ ስንት የአንቴና ሽቦ እንደተገጠመለት፣ ራውተሩ በስንት ጊጋኸርዝ (በየትኛው የሬዲዮ ሞገድ) እንደሚሠራ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ሁሉ ግምት ነው አለ። ኡቡንቱ ላይ ተርሚናል ከፍቼ የካርዱን ስም የማይበትን ትእዛዝም ጻፈልኝ።

2. ሁለተኛው በአንድ መስመር ጨረሰው። አሥራ ሦስት ዓመት ለሞላው ላፕቶፕ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነውና ጥዬው አዲስ እንድገዛ መከረ። ኋላ ላይ ጠብ ያስነሳው ይህ መልስ ነው።

3. ሦስተኛው ጨርሶ እንዳልነካው አስጠነቀቀኝ። ላፕቶፕ ሠሪዎች ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) ውስጥ የሚቀበሏቸውን ካርዶች ዝርዝር ያስገባሉ፤ ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ካርድ ከተሰካ ማሽኑ አይነሳም፤ ስለዚህ ምንም ብገዛ ገንዘቤ መና ይቀራል ባይ ነው።

4. አራተኛው 3ን ከፊሉን ተቀብሎ ከፊሉን አረመ። ነገሩ እውነት ነው፣ ግን ለሁሉም አይደለም። የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430 እና ኤክስ230 የማያውቁት ካርድ ሲሰካባቸው 1802 የሚል ቁጥር ያለው መልእክት አሳይተው ቀጥ ይላሉ። ብዙ የኤችፒ ላፕቶፖችም 104 በሚል ቁጥር እንዲሁ ያደርጋሉ። ዴል ላቲትዩድ ግን በዚህ አይታማም። ቲንክፓድ ያለው ሰው የሌኖቮ የመለዋወጫ ቁጥር የታተመበትን ካርድ ፈልጎ ይግዛ፤ ቁጥሩ የሌለበት ያው የኢንቴል ካርድ ሊከለከል ይችላል አለ። ይህን መልስ ያነበበ ሰው ቢያንስ የላፕቶፑን ሞዴል ይዞ ሳይጠይቅ ወደ ገበያ አይወጣም።

5. ከሜሪላንድ የጻፈው ሰው ካርዱን ትቶ ክልከላው ላይ ተቆጣ። ሠሪዎቹ ካርዱና አንቴናው አብረው የሬዲዮ ፈቃድ ስለሚያገኙ ነው ይላሉ፤ ነገር ግን በገንዘቤ የገዛሁትን ዕቃ ምን እንደምሰካበት የሚወስንልኝ ማነው እያለ ረጅም ጻፈ። ቁጣው ይገባኛል፤ ለእኔ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረውም።

6. ስድስተኛው የእኔው ነው። 1 ያዘዘኝን አድርጌ ያየሁትን ጻፍኩ። ካርዱ አቴሮስ ኤአር9285 ይባላል፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ፣ በአንድ መስመር ብቻ የሚልክና የሚቀበል፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ በወረቀት ላይ 150 ሜጋቢት በሰከንድ የሆነ። ፋብሪካው ይህን ይግጠምለት ወይስ ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት ይቀይረው አላውቅም።

7. ሰባተኛው መርካቶ ውስጥ ላፕቶፕ የሚጠግን ባለሙያ ነው። ስለ ካርድ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ይህን ላፕቶፕ በቅርቡ ሰው ከፍቶት ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀ። ከፍቶት ያውቃል። ከአራት ወር በፊት ፋኑ ይጮህ ስለነበር አንድ ሱቅ አስጠርገነዋል። እንግዲያው ከመግዛትህ በፊት ክፈተው ሲል መከረኝ። እሱ ዘንድ ዋይፋዩ ደከመ ተብሎ ከሚመጣው መካከል ስንቱ የአንቴና ሽቦው ተነቅሎ የቀረ መሆኑን በቁጭት ጻፈ። የሚጠርገው ሰው ሽቦዎቹን ይነቅላል፣ ሲመልስ አንዱን ይረሳል፣ ዋይፋዩ ደግሞ ጨርሶ ስለማይጠፋ ማንም አያስተውልም። በቅርብ ሆኖ ሲሞከር ይሠራል፤ ከግድግዳ ጀርባ ግን ይሞታል። አሠራሩንም በዝርዝር ነገረኝ፦ መጀመሪያ ባትሪውን አውጣ፣ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነህ የቀረውን ኃይል አራግፍ፣ የታችኛውን ሽፋን ብሎኖች በትክክለኛ ካቻቢቴ ፍታ፣ ካርዱን ከመንካትህ በፊት የብረት ነገር ንካ። ነጩ ሽቦ ዋናው፣ ጥቁሩ ረዳቱ ነው፤ ሦስተኛ ግራጫ ሽቦ ካለም የሦስት አንቴና ካርድ ለሚገጥም ሰው ነው። ካርዱ ላይም ነጭና ጥቁር ሦስት ማዕዘን ብዙ ጊዜ ታትሞ ይገኛል።

ይህን መልስ ሳነብ ተነስቼ ካቻቢቴ ፍለጋ ሄድኩ።

8. እስከዚያው ውይይቱ ቀጥሏል። ስምንተኛው ሁላችንንም ገሠጸ። የቤት ኢንተርኔቱ 10 ሜጋቢት ለሆነ ሰው 867 ሜጋቢት የሚችል ካርድ ምን ይሠራለታል? ካርድ መቀየር መስመሩን አያፈጥነውም፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው አለ። በአነጋገሩ ብዙ ሰው አስቀየመ፤ ስሌቱ ግን ልክ ነው።

9. ዘጠነኛው መልስ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ነው። 8 የተናገረው ስለ ፍጥነት ሆኖ ሳለ የጠየቅሁት ስለ መቆራረጥ መሆኑን አስታወሰው፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናሎቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ የላይኛው፣ የታችኛው፣ የጎኑና የፊት ለፊቱ ቤት ሁሉ ራውተር አለው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ሁሉ አየሩን በተራ ነው የሚጠቀሙት፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ፊልም በሚያይበት ሰዓት ተራው አልደርስ ይላል። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ይቆራረጣል ያልኩትን መልሶ ጠቅሶ፣ የካርድ ድካም ቢሆን ኖሮ ጠዋትም ይታይ ነበር አለኝ። ከዚያም የስልኩን ጉዳይ አነሳ። ስልኩ የሚሠራው በ5 ጊጋኸርዝ ስለሆነ ይሆናል፤ የስልኩንና የላፕቶፑን የዋይፋይ ዝርዝር ጎን ለጎን አድርገህ አስተያይ፤ ስልኩ ላይ ታይቶ ላፕቶፑ ላይ የማይታይ የራውተርህ ስም ካለ መልሱ እሱ ነው።

አስተያየሁ። ስልኩ ላይ ሁለት ስም አለ፤ አንደኛው በ5ጂ የሚያበቃ ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለው አንድ ብቻ። እህቴ በዚህ ስም ስንት ወር ስትጠቀም ኖራ ልዩነቱን ማንም አልነገራትም።

10. አሥረኛው 9ን አመስግኖ ነገሩን ከልክ በላይ እንዳያጣፍጠው አሳሰበው። 5 ጊጋኸርዝ ብሎኬት ላይ ከ2.4 ይልቅ ቶሎ ይደክማል፤ በሁለት ግድግዳ በኩል ሲያልፍ ምልክቱ ደካማ ሆኖ መታየቱ አይቀርም። ስለዚህ ማንኛውም ካርድ ከመገዛቱ በፊት ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወጥቶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ወደ ኮሪደሩ ይቀመጥ አለ። የእኛም ራውተር ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነበር። እንዴት እንዳወቀ እግዚአብሔር ይወቅ።

11. ይህ የእኔ ነው፤ ላፕቶፑን ከፍቼ ያገኘሁትን ጻፍኩ። ካርዱ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማይሰፋ አረንጓዴ ሰሌዳ ነው፤ ላዩ ላይ ኤአር5ቢ95 ተብሎ ተጽፏል። ጥቁሩ ሽቦ በቦታው አለ። ነጩ ግን ተነቅሎ፣ ጫፉ አቧራ ለብሶ፣ በፋኑ ጠርዝና በሰሌዳው መካከል ተጋድሟል። ጫፉ ላይ ያለችው የወርቅ ቀለም ቀለበት ከምስር ፍሬ ታንሳለች። በወረንጦ አንስቼ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠርጌ፣ በካርዱ ላይ ካለችው ጉጥ ላይ ቀጥ አድርጌ አስቀምጬ በአውራ ጣት ጥፍሬ ተጫንኳት። ሁለት ጊዜ ሸሸች። በሦስተኛው ቀጭ ብላ ገባች። መኝታ ቤት ሆኜ ስለካው ከ−81 የነበረው ምልክት −62 ዲቢኤም ሆነ፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ምልክቱ ይጠነክራል። አንድ ሳንቲም አላወጣሁም። የማታው መቆራረጥ ግን ቢቀንስም አልጠፋም።

12. ሌላ ሰው በዚህ መካከል፣ በእኛ ሰፈር 5ጂ የሞባይል ኔትወርክ ስላልገባ ካርዱን ብንቀይርም አይሠራም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። 9 ተመልሶ በትሕትና አስረዳው። ራውተሩ ላይ ያለው 5ጂ የሚያመለክተው 5 ጊጋኸርዝን ነው፤ ከሞባይሉ አምስተኛ ትውልድ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቤት ውስጥ ብቻ የሚሠራ ሬዲዮ ነው።

13. ከስቶክሆልም የጻፈች ሴት ኤኤክስ210ን ደገፈች። በሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (የአሮጌው ላፕቶፕ) መሰኪያ ላይ የኤም.2 (የአዲሱ ዓይነት መሰኪያ) ካርድ የሚያስቀምጥ ማስማሚያ በርካሽ ይሸጣል፤ ያንን ገዝቶ አዲሱን ካርድ መጠቀም ይቻላል፤ ራውተር ሲቀየር እንኳ ካርዱ ወደፊት ያገለግላል አለች።

14. አሥራ አራተኛው ተቃወማት፤ ሳሩን አይታ ገደሉን ያላየች በሬ አድርጎም አቀረባት፤ ይህ አነጋገር አላስፈለገም ነበር። ማስረጃው ግን ጠንካራ ነው። ኤም.2 ካርዶች ላይ ያለችው የአንቴና ጉጥ በአሮጌው ላፕቶፕ ሽቦ ጫፍ ላይ ካለችው ቀለበት ታንሳለች፤ በግድ ሲጫኗት ጉጧ ከካርዱ ተገንጥላ ትወጣለች። ስለዚህ ማስማሚያው ላይ ሌላ ማስማሚያ ሽቦ ይጨመራል። ብሉቱዙ ደግሞ በመሰኪያው ውስጥ ባለው የዩኤስቢ መስመር ነው የሚሠራው፤ መስመሩ ባልተዘረጋበት ላፕቶፕ ዋይፋዩ ሠርቶ ብሉቱዙ ይቀራል። ዊንዶውስ 7 ላይ ያለ ሰውም ለኤኤክስ210 ከኢንቴል ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) አያገኝም። ከሁሉም በላይ ግን በቁጥር አትሳሳቱ አለ፦ ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ210 በማንኛውም ተስማሚ መሰኪያ ይሠራሉ፤ ኤኤክስ201 እና ኤኤክስ211 ግን ግማሽ ሥራቸውን ለአዳዲሶቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሚተዉ ስለሆኑ በአሮጌ ማሽን ላይ አይሠሩም። በአንድ ቁጥር ልዩነት ገንዘብ ይቀልጣል። ስቶክሆልም ያለችው እኅት ስለ ጉጧ የተባለውን አምና ተቀበለች፤ ለአነጋገሩ ግን ተገቢውን መልስ ሰጠችው፤ እሱም ይቅርታ ጠየቀ።

15. አሥራ አምስተኛው ውሳኔዬን ያቀለለ ነው። ለዚህ ላፕቶፕ የሚበቃው ኢንቴል 7260 ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ግማሽ ቁመት ባለው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ መልክ የሚገኝ፣ ያለ ምንም ማስማሚያ የሚሰካ፣ ሁለቱን ሽቦ በቀጥታ የሚቀበል፣ ኡቡንቱም ሳይጠየቅ የሚያውቀው። አንቴናው 5 ጊጋኸርዝ ይችላል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ፣ ይህ ሞዴል ከመነሻው ኢንቴል 6205ን በመሰሉ በሁለቱም ሞገድ በሚሠሩ ካርዶች ጭምር የተሸጠ ስለሆነ አንቴናው ለሁለቱም የተሠራ ነው። ማስጠንቀቂያም ጨመረ። 7260 በሚል አንድ ቁጥር ሦስት ዓይነት ካርድ ተሠርቷል። በመለያው ላይ ቢኤን ያለበት 2.4 ብቻ ነው፤ ኤኤን ያለበት ሁለቱንም ሞገድ ያውቃል፣ ግን በአሮጌው ደረጃ ይሠራል፤ የምንፈልገው ኤሲ የተባለውን ነው። ሻጩ በቃሉ የሚናገረውን ትተህ መለያውን አንብብ አለኝ።

16 እና 17. አሥራ ስድስተኛው፣ ካርድ መፍታትና መግጠም ለምን አስፈለገ፣ የዩኤስቢ ዋይፋይ ሰክቶ መገላገል ነው ብሎ ቲፒ ሊንክ 722ኤንን ጠቆመ፤ ሊኑክስ በደንብ ያውቀዋል ሲል። አሥራ ሰባተኛው ትዕግሥት አጣ። ሊኑክስ በደንብ የሚያውቀው የዚያን ዕቃ የመጀመሪያውን ስሪት ነው፤ ስሪት 2 እና 3 ውስጣቸው ያለው ቺፕ ተቀይሮ ሪያልቴክ ሆኗል፤ ስሙና መልኩ ግን ያው ነው። ደግሞም በ2.4 ብቻ የሚሠራ ስለሆነ 9 ያስረዳውን ሁሉ ሳታነብ ነው የጻፍከው ብሎ ወቀሰው። ወቀሳው መረር ያለ ነበር። ይሁንና ውይይቱን ከላይ ሳያነቡ መምከር የጠያቂውን ገንዘብ ማስወጣት ነውና፣ እኔም ከ17 ጋር ነኝ።

18. ሁለተኛው መላሽ ተመለሰ። ለአሮጌ ቆርቆሮ ይህ ሁሉ ሙግት እንዳስገረመው ጻፈ። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ያበቃ በመሆኑ፣ ዊንዶውስ 11ም ይህን ፕሮሰሰር ስለማይቀበል፣ ላፕቶፑ ሞቷል ባይ ነው።

19. ለእሱ የመለሰችለት ከባሕር ዳር የጻፈች መምህርት ናት፤ ውይይቱ ውስጥ እንደ እሷ የተቆጣ ሰው አልነበረም፤ እኔም እያንዳንዱን ቃሏን እደግፋለሁ። ላፕቶፑ ኡቡንቱ እንደተጫነበት በመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፎ እያለ ስለ ዊንዶውስ ማውራት ምን ይባላል አለች። እሷ የምታስተምራቸው ልጆች አንድ ላፕቶፕ ለሦስት ይዘው ይሠራሉ። አዲስ ግዛ ማለት ቀላል የሚሆነው ዋጋውን ለማይከፍል ነው። አንድ አሮጌ ማሽን በአንዲት ትንሽ ካርድ ሌላ አምስት ዓመት ተማሪ የሚያገለግል ከሆነ፣ ያንን ቆርቆሮ ብሎ የሚጠራ ሰው ተማሪ አያውቅም። ከዚህ በኋላ 2 አልተመለሰም።

20 እና 21. ሃያኛው የራሱን ችግር ይዞ ገባ። በሌላ ላፕቶፕ ላይ አዲስ ካርድ ሰክቶ፣ ካርዱ ይታያል፣ ነገር ግን በማብሪያ ተዘግቷል የሚል መልእክት እያሳየ አልከፈት አለው። ከካርዱ እግሮች 13ኛውን በናስትሮ ሸፍን ተብዬ አልሠራም ሲል ጻፈ። ሃያ አንደኛው አረመው። ሬዲዮውን የሚዘጋው እግር 20ኛው ነው። ካርዱን ገልብጠህ ከታችኛው ገጽ ከጥርሱ ክፍተት በኋላ ሁለተኛዋን እግር ብቻ፣ ሙቀት በሚችል ቀጭን ናስትሮ ሸፍን። ከዚያ በፊት ግን የላፕቶፑን ጎን ዳስስ፤ ብዙ አሮጌ ላፕቶፕ የዋይፋይ ማብሪያ በጎኑ አለው፤ ተዘግቶ ይሆናል። ሃያኛው ዳሰሰ። ተዘግቶ ነበር።

22. ይህኛው የእኔ ዘገባ ነው። ቅዳሜ መርካቶ ወርጄ 7260 ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ሻጭ ያወጣልኝ ካርድ መለያው ላይ ቢኤን ይላል። ሰውየው ሊያታልለኝ አልነበረም፤ ሁሉም 7260 አንድ ነው ብሎ ያምናል። መለያውን አሳይቼው አብረን አነበብነው፤ እሱም ደነቀው። በአራተኛው ሱቅ፣ ከተፈታ ላፕቶፕ የወጣ፣ ኤሲ ያለበትን አገኘሁ። ማታውኑ ገጠምኩት። ነጩን በነጩ፣ ጥቁሩን በጥቁሩ፤ አሁን እጄ ስለለመደ በመጀመሪያው ቀጭ አሉ። ኡቡንቱ ተነስቶ በ5ጂ የሚያበቃውን ስም አሳየኝ። ራውተሩንም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቼ የኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። 10 እንዳለው ምልክቱ መኝታ ቤት ውስጥ −68 ነው፤ ከአሮጌው ካርድ −62 ይደክማል። ነገር ግን ሰኞ ማታ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት እህቴ ከአማካሪዋ ጋር በምስል ተነጋገረች፤ አንድ ጊዜም አልተቆረጠም። ቁጥሩን ብቻ አይቼ ቢሆን ኖሮ የከፋ ካርድ ገዛሁ እል ነበር።

7ን ለብቻው አመሰገንኩት። ሽፋኑን ሳልከፍት ገዝቼ ቢሆን አዲሱንም ካርድ በአንድ አንቴና እገጥመው ነበር።

23. የመጨረሻው መላሽ አሮጌው ካርድ የት እንዳለ ጠየቀ። ወንድሙ ደብረ ብርሃን ይማራል፤ የላፕቶፑ ካርድ ጨርሶ ሞቷል፤ የሚኖርበት ቤት ያለው ራውተር 2.4 ብቻ ነው፤ ጎረቤትም የለም፣ ብቸኛ ግቢ ነው። ሊኑክስ ላይ አቴሮስ ኤአር9285 ከሌላ ቦታ የሚጫን ፋይል ሳያስፈልገው፣ ክፍት በሆነ ድራይቨር ብቻ የሚሠራ በመሆኑ እሱን ሲፈልግ ቆይቷል። ካርዱን በወረቀት ጠቅልዬ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት በሚወጣው አውቶቡስ እልክለታለሁ።